ዦርዥ ሜሊዬስ፦ በገዛ እጁ የሠራውን በገዛ እጁ ያቃጠለ ሰው

በመካከላችን ፊልም አይቶ የማያውቅ ሰው ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። ከሩቅ ገጠር የመጣነው እንኳ አንድ የገበያ ቀን ወደ ወረዳችን ከተማ ወጥተን፣ በአንዱ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀን ተቀምጠን አይተናል። በፊልም ውስጥ ሰው እንደ ጢስ ብን ብሎ ሲጠፋ፣ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ከራሱ ጋር ሲጣላ፣ መንኩራኩር ወደ ጨረቃ ሲወነጨፍ ብናይ ዛሬ ብዙም አይደንቀንም። ፊልም አይደል እንዴ ብለን እናልፈዋለን። ይህን ሁሉ መላ ቁጭ ብሎ ያውጠነጠነውና በእጁ የሠራው ማን ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል። እኔ ይህን ስም ሳስበው ፈገግ እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ዘመን ገደማ በፓሪስ ከተማ ቀንድ ተክሎ፣ ካባ ለብሶ፣ ከጢስ ውስጥ ብቅ እያለ በፊልም ላይ ሰይጣን ሆኖ መጫወት የሚወድ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ዦርዥ ሜሊዬስ ይባላል። ለነገሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ፣ ሠዓሊ፣ አናጢ፣ ምትሐተኛ፣ ደራሲና ተዋናይ ነበር። ይህ ሰው ፊልሞቹን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በመጨረሻ በገዛ እጁ አቃጥሏቸዋል። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ፣ ከእሳቱ የተረፈውም እንዴት እንደ ተረፈ ላወጋችሁ ነው የተነሣሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የጫማ ሠሪው ልጅ

ሜሊዬስ በዲሴምበር 8 ቀን 1861 በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ የመጣ ጫማ ሠሪ ነበር። እናቱም የሆላንድ ተወላጅ ስትሆን እሷም የጫማ ሠሪ ልጅ ነበረች። ሁለቱ ተጋብተው፣ ከትንሽ ተነሥተው፣ የታወቀ የጫማ ፋብሪካ ለማቋቋም በቁ። ዦርዥ ሦስተኛው ወንድ ልጃቸው ሲሆን ታላላቆቹ ኦንሪና ጋስቶን ይባሉ ነበር።

ቤተሰቡ ሀብት ስለ ነበረው ልጁን ጥሩ ትምህርት ቤት አስገቡት። በፓሪስ ስመ ጥር በሆነው በሉዊ ለ ግራን ሊሴ ተምሮ በ1880 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨረሰ። ነገር ግን በትምህርት ቤት ሳለ እጁ ሥራ መፍታት አይችልም ነበር። ደብተሩን በሥዕል ይሞላዋል። የመምህራኑንና የጓደኞቹን መልክ እያጣመመ ይሥላል፣ በዚህም ምክንያት ይቀጣል። ቤቱም ሲገባ በካርቶን ትናንሽ የአሻንጉሊት ቲያትር ቤቶች ይሠራ ነበር። እኛ ነገ ክፍል ውስጥ ገብተን እንዲህ ያለ ተማሪ ቢያጋጥመን ምን እናደርገዋለን? ደብተሩን ቀምተን እናስወጣዋለን ወይስ የትምህርት መርጃ ሥዕል እንዲሠራልን እናደርገዋለን? ይህን ለራሳችሁ እተወዋለሁ።

ከውትድርና አገልግሎቱ በኋላ አባቱ እንግሊዝኛ እንዲማርና ንግድ እንዲለምድ በ1884 ወደ ለንደን ላከው። ሜሊዬስ ለንደን ሄዶ የለመደው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ከተማ የግብፅ አዳራሽ የሚባል፣ ማስክሊን የተባለ ዝነኛ ምትሐተኛ የሚያስተዳድረው ትርኢት ቤት ነበር። ቋንቋውን ገና በደንብ ያልያዘው ወጣት ቃል ሳያስፈልግ በዓይን ብቻ የሚገባውን ትርኢት ማዘውተር ጀመረ። እዚያም ምትሐት የሚባለው የመድረክ ጥበብ ልቡን ሰረቀው።

ወደ ፓሪስ እንደ ተመለሰ የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት ፈልጎ ነበር። አባቱ ግን ለሥዕል ገንዘብ አልከፍልም በማለቱ ወደ ጫማ ፋብሪካው ገብቶ የስፌት መኪናዎቹን ይቆጣጠርና ይጠግን ጀመር። ይህ ጊዜ የባከነ ይመስላል፤ ግን አልነበረም። መኪና መፍታትና መግጠም የለመደው እዚያ ነው። ኋላ የፊልም ማንሻውን ካሜራ ራሱ ሲሠራ የጠቀመው የፋብሪካው ልምድ ነበር።

የምትሐት ቤቱ

በ1888 አባትየው ሥራውን ለልጆቹ ሲያስረክብ ሜሊዬስ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጠ። በገንዘቡም በፓሪስ መሐል፣ ቡልቫር ዴዚታልየን በሚባለው ትልቅ ጎዳና ላይ የሚገኘውን የሮቤር ኡዳንን ቲያትር ቤት ገዛ። ሮቤር ኡዳን ቀደም ብሎ የሞተ፣ በፈረንሳይ የምትሐት አባት ተብሎ የሚከበር ሰው ነው። ቲያትር ቤቱ ትንሽ ነበር፤ የሚይዘው 200 ሰው ያህል ብቻ ነው።

የዚያ ዘመን ፓሪስ የመዝናኛ ከተማ ነበረች። በአንድ ጎዳና ላይ ቲያትር፣ ሙዚቃ የሚዜምበት ካፌ፣ የሰም ምስል ማሳያ ቤት ጎን ለጎን ተሰልፈው እያንዳንዳቸው መንገደኛውን ይጣሩ ነበር። ከከተማው ዳር ደግሞ ድንኳን ተክለው፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ትርኢት የሚያሳዩ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚህ ሁሉ ፉክክር መካከል ትንሽ ቤት ይዞ መኖር ቀላል አይደለም። ሜሊዬስ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ አዳዲስ ምትሐቶችን ፈለሰፈ። ከእነዚህ አንዱ በጣም ታዋቂ ሆነ። አንድ ፕሮፌሰር ንግግር እያደረገ ሳለ አንገቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ራስ ግን ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ንግግሩን አያቆምም። መቼም እንዲህ ያለ አሠልጣኝ አልገጠመንም፤ ቢገጥመን ግን ማስታወሻ መያዙ እንዴት ይሆን ነበር!

ሜሊዬስ በቲያትር ቤቱ ዋናው ምትሐተኛ ብቻ አልነበረም። ትርኢቱን ይደርሳል፣ መጋረጃውን ይሥላል፣ ዕቃውን ይሠራል፣ ልብሱን ይነድፋል። ይህን ጠባዩን ልብ በሉልኝ። በሕይወቱ ሙሉ ሁሉንም ነገር ራሱ መሥራት ይወድ ነበር። ከፍ ያደረገው ይህ ነው፤ የጣለውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

አንድ የዲሴምበር ምሽት

በዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች የሠሩት ሲኒማቶግራፍ የተባለው መሣሪያ በፓሪስ ግራን ካፌ ምድር ቤት ውስጥ ለሕዝብ ታየ። የዓለም ሲኒማ ልደት ብዙ ጊዜ ከዚህ ቀን ይቆጠራል። ሜሊዬስም ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። በመጀመሪያ በሸራው ላይ የቆመ ፎቶግራፍ ሲያይ አዲስ ነገር አልመሰለውም። ፎቶግራፉ ግን ድንገት ተንቀሳቀሰ፤ ፈረስ ጋሪ እየጎተተ መጣ፣ ሰው ወዲያና ወዲህ አለ። ምትሐተኛው ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ።

ትርኢቱ እንዳለቀ መሣሪያውን ልግዛ ብሎ ለወንድማማቾቹ አባት 10,000 ፍራንክ እንዳቀረበ ይነገራል። ሰውየው አልሸጥም አለ። ሜሊዬስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ወደ ለንደን ተሻግሮ ሮበርት ፖል ከተባለ መሐንዲስ የፊልም ማሳያ መሣሪያ ገዛ። ይህንንም ፈታትቶ፣ አሠራሩን አጥንቶ፣ ካሜራ አደረገው። በኤፕሪል 1896 በቲያትር ቤቱ ፊልም ማሳየት ጀመረ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ የራሱን ፊልም ማንሣት ቻለ። ድርጅቱንም ስታር ፊልም አለው።

ስለ ዋናው ግኝቱ ራሱ ኋላ ያወራው ታሪክ አለ። አንድ ቀን በኦፔራ አደባባይ የመንገዱን ግርግር ሲያነሣ ካሜራው ነክሶ ይዞ ቆመ። አስተካክሎ እስኪያስነሣው አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዚህ መካከል ጋሪዎቹም መንገደኞቹም ቦታ ቀይረው ነበር። ፊልሙን ቤት ወስዶ ሲያየው ሰው የሚያመላልሰው ትልቅ ሠረገላ ድንገት የሬሳ ሠረገላ ሆነ፤ ወንዶቹም ሴቶች ሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙ ተበላሸ ብሎ ይጥለው ነበር። እሱ ግን በስሕተቱ ውስጥ ምትሐት አየ። ካሜራውን አቁሞ፣ ሰውን አስወጥቶ ወይም ቀይሮ፣ እንደ ገና ማስነሣት ነው። በዚያው በ1896 በሠራው ፊልም አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ሲጣልባት ትሰወራለች። በፊልሙ ላይ የተሰወረችው ዣን ዳልሲ የተባለች የቲያትር ቤቱ ተዋናይ ናት። ይቺን ሴት አንርሳት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የመስተዋቱ ቤት

ሜሊዬስ በ1897 ከፓሪስ ዳር በሞንትረይ በሚገኘው የቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ጣሪያውም ግድግዳውም መስተዋት የሆነ ስቱዲዮ ሠራ። መስተዋት የሆነበት ምክንያት የፀሐይ ብርሃን ስለሚያስፈልግ ነው። ውስጡ ያለውን መድረክ ልክ እንደ ቲያትር ቤቱ መድረክ አደረገው፤ ከወለሉ በታች ሰው ብቅና ጥልቅ የሚልበት ቀዳዳ ነበረው። የዚያ ዘመን ፊልም ቀለምን በትክክል ስለማይዝ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ መጋረጃውንም ዕቃውንም በነጭ፣ በጥቁርና በግራጫ ብቻ ይቀባ ነበር።

እዚህ ቤት ውስጥ የሠራቸው ፊልሞች ዛሬም ያስደንቃሉ። በ1900 በሠራው አንድ ፊልም ራሱ ሰባት ሙዚቀኞች ሆኖ በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ዘዴው እንዲህ ነው። በስተኋላው ጥቁር መጋረጃ ይሰቅልና አንድ ጊዜ ይነሣል፤ ከዚያ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ አጠገቡ ባለው ቦታ እንደ ገና ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ሰባት ጊዜ። አንዱ ቢሳሳት የቀደመው ድካም ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። በ1901 በሠራው ሌላ ፊልም ደግሞ ራሱ እንደ ኳስ እየተነፋ ሲያብጥ ይታያል። ጭንቅላቱ አላበጠም፤ የተቀመጠበት ወንበር በተንጋለለ ወለል ላይ እየተጎተተ ወደ ቆመው ካሜራ እየቀረበ ነበር። ቅርቡ ትልቅ፣ ሩቁ ትንሽ ሆኖ መታየቱን የምናስተምረው እኛ ይህን ብናሳይ ተማሪ ቶሎ ይገባዋል።

ሲኒማ በዚያን ጊዜ የተከበረ ነገር አልነበረም። በሜይ 1897 በፓሪስ ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ባዛር ላይ የፊልም ማሳያው መብራት ባስነሣው እሳት ከ120 በላይ ሰዎች፣ ይበልጡንም ሴቶች፣ ተቃጥለው ሞቱ። ከዚህ በኋላ ብዙ የተከበረ ቤተሰብ ሲኒማን ፈራ። ፊልም በአብዛኛው በድንኳን እያዞሩ የሚያሳዩት የገበያ ሰዎች ንግድ ሆነ። የሜሊዬስም ዋና ደንበኞች እነዚህ ዘዋሪዎች ነበሩ። እንደ ጨርቅ በሜትር ለክተው ይገዙትና ፊልሙ እስኪቆራረጥ ድረስ ያሳዩታል።

ወደ ጨረቃ

በ1902 ሜሊዬስ ስሙን እስከ ዛሬ ያስጠራውን ወደ ጨረቃ ጉዞ የተባለውን ፊልም ሠራ። የዡል ቨርንና የዌልስ መጻሕፍት ሐሳብ ሰጥተውታል። ሥራው ሦስት ወር ፈጀ፤ ወጪው 10,000 ፍራንክ ያህል ደረሰ። በዚያ ዘመን ብዙው ፊልም አንድና ሁለት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ይህኛው 14 ደቂቃ ያህል ነበር። በፊልሙ ጢማም ሊቃውንት ይሰበሰቡና ይጨቃጨቃሉ፤ ዋናውን ሊቅ የሚጫወተው ራሱ ሜሊዬስ ነው። ከዚያ እንደ መድፍ ጥይት ያለ ነገር ውስጥ ገብተው ይተኮሳሉ፤ ጥይቱም ሄዶ ሰው ፊት ባላት ጨረቃ ዓይን ላይ ይሰካል። በጨረቃ ላይ የሚገኙት ፍጥረታት ሆነው የተጫወቱት ዘለው የሚገለባበጡ የትርኢት ቤት አክሮባቶች ነበሩ። ሰዎች በእውነት ጨረቃን የረገጡት በ1969 ነው፤ የጫማ ሠሪው ልጅ ግን በካርቶንና በሙጫ 67 ዓመት ቀድሟቸዋል።

ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ በእጅ ቀለም ይቀቡ ነበር። ይህን ሥራ የያዘችው ቱዊዬ የተባለች ሴት ስትሆን በሥሯ ወደ 200 የሚጠጉ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ሠራተኛ አንድ ቀለም ብቻ ይዛ፣ ጥፍር የምታህለውን ምስል በቀጭን ብሩሽ ትቀባና ለሚቀጥለዋ ታስተላልፋለች። የሜሊዬስ ስም ሲነሣ የእነዚህ ሴቶች ድካም መረሳት የለበትም።

በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ የሚጭኑበት ቀን ሲቃረብ ሜሊዬስ ሥርዓቱን አስቀድሞ በሞንትረይ ግቢው ውስጥ አስመስሎ አነሣው። ንጉሥ ሆኖ የተጫወተው መልኩ ንጉሡን የሚመስል የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ነበር። እውነተኛው ንጉሥ ታመው በዓሉ ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ የሜሊዬስ ንጉሥ ግን ዘውዱን ከጫነ ቆይቶ ነበር።

ጨረቃው ፊልም በዓለም ዙሪያ ተወደደ። ምን ዋጋ አለው! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው በአሜሪካ የኤዲሰን ኩባንያን ጨምሮ ብዙ ነጋዴዎች ያለ ፈቃድ እያባዙ ሸጡት፤ ብዙው ትርፍ የእነሱ ሆነ። በዚህ የተነሣ ሜሊዬስ ወንድሙን ጋስቶንን ልኮ በ1903 ኒው ዮርክ ውስጥ ቅርንጫፍ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙን በሕግ ለማስከበር ሞከረ።

ውሃው እያሳሳቀ ወሰደው

እስከ 1907 ገደማ ሁሉ ነገር ደኅና ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የሲኒማ ንግድ ጠባዩን ለወጠ። ፓቴ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ፊልም በፋብሪካ መልክ ማምረት ጀመረ፤ በዚህ ላይ ፊልም መሸጥ ትቶ ማከራየት ያዘ። ቋሚ ሲኒማ ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ የድንኳን ዘዋሪዎቹ እየተመናመኑ ሄዱ። የሜሊዬስ ደንበኞች እነሱ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1909 ፊልም ሠሪዎች በፓሪስ ሲሰበሰቡ ሊቀ መንበሩ ሜሊዬስ ነበር። እሱ ፊልም ይሸጥ እንጂ አይከራይ ባይ ነው። ጊዜው ግን ከሌሎቹ ጋር ነበር። በአሜሪካም ኤዲሰን ያቋቋመው ማኅበር በየሳምንቱ 300 ሜትር ያህል ፊልም እንዲቀርብለት ይፈልግ ስለ ነበር በ1908 ሜሊዬስ ከ50 በላይ ፊልም ለማውጣት ተገደደ። መጋረጃውን ራሱ የሚሥል፣ ሰባት ጊዜ ራሱን የሚያነሣ ሰው እንዴት ብሎ ከፋብሪካ ጋር ይሽቀዳደም?

የተመልካቹም ዓይን ተለወጠ። ሰው ከቤት ውጭ የተነሣ፣ ረዘም ያለ፣ የኑሮ ታሪክ ማየት ፈለገ። ሜሊዬስ ግን ካሜራውን በአንድ ቦታ ተክሎ፣ የመጋረጃና የምትሐት ዓለሙን ይዞ ቀረ። በ1911 ከፓቴ ጋር ተዋዋለ። ፓቴ ገንዘብ ሊያበድረው፣ እሱ ደግሞ ቤቱንና ስቱዲዮውን መያዣ ሊያደርግ ነው። በ1912 ሰው የሚውጥ ግዙፍ የበረዶ አሻንጉሊት ያለበትን የሰሜን ዋልታ ፊልም ብዙ ወጪ አድርጎ ሠራ፤ ሕዝቡ ግን ፊት ነሣው። በ1913 ፊልም መሥራት አቆመ። በ17 ዓመት ውስጥ ከ500 በላይ ፊልሞች ሠርቶ ነበር። በዚያው ዓመት ባለቤቱ ኡዤኒ ሞተችበት።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በጦርነቱ ጊዜ ከ400 በላይ የሚሆኑ የፊልሞቹ ቅጂዎች ቀልጠው የጫማ ተረከዝ መሥሪያ እንደ ሆኑ ተጽፏል። ከጫማ ፋብሪካ ሸሽቶ የወጣ ሰው ሥራው ተመልሶ ጫማ ሲሆን ከማየት የበለጠ ምን ፌዝ አለ? በጦርነቱ ምክንያት ዕዳው ለጊዜው ስላልተጠየቀ ከ1917 ጀምሮ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ በሞንትረይ ተራ ቲያትር እያሳየ ኖረ። በ1923 ግን ሁሉም አንድ ላይ መጣ። የሮቤር ኡዳን ቲያትር ቤት ለመንገድ ሥራ ፈረሰ፤ የሞንትረይ ግቢም በዕዳ ከእጁ ወጣ።

ሜሊዬስ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ያከማቻቸውን የፊልሞቹን ኔጋቲቮች፣ መጋረጃውንና ልብሱን አውጥቶ አቃጠለ። ማስቀመጫ ቦታ አልነበረውም፤ ልቡም ቆስሎ ነበር። አንድ ሰው የ17 ዓመት ሥራውን በእሳት ሲለቅ ምን ይሰማዋል? እኔ ይህን ቦታ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያዘጋጀሁት የማስተማሪያ ቻርት በዝናብ ሲበላሽብኝ ምን ያህል እንደ ተናደድኩ ትዝ አለኝ።

የአሻንጉሊት ሱቅ

በ1925 ሜሊዬስ በፊልም ላይ ጨርቅ ጥሎ የሰወራትን ዣን ዳልሲን አገባ። እሷ በፓሪስ ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የመጫወቻና የከረሜላ ሱቅ ነበራት። ጨረቃን የወጋው ሰው በ60ዎቹ ዕድሜው ውስጥ ሆኖ፣ በብርድ ቀን ሳይቀር፣ ጠዋት ከፍቶ ማታ እየዘጋ ለመንገደኛ ልጆች አሻንጉሊት ሲሸጥ ይውል ነበር። ሰውየውን የሚያውቀው አልነበረም።

ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም ይባላል። የሜሊዬስ ዕድል ግን ከዚህ ትንሽ ተሻለ። በ1920ዎቹ አጋማሽ አንድ የሲኒማ ጋዜጣ አዘጋጅ በጣቢያው ሲያልፍ አወቀው፤ ስለ እሱም መጻፍ ተጀመረ። በ1929 ሞክሌር የተባለ የሲኒማ ቤት ባለቤት በኖርማንዲ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ተጥለው የነበሩ የሜሊዬስ ፊልሞችን አገኘ። በዲሴምበር 1929 በፓሪስ ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ በሳል ፕሌየል ለክብሩ ምሽት ተዘጋጅቶ ፊልሞቹ ታዩ። 68 ዓመት የሞላው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ በጭብጨባ ተቀበሉት። በ1931 የፈረንሳይ መንግሥት የሌጅዮን ዶነር ኒሻን ሰጠው። ኒሻኑን ያጠለቀለት ሉዊ ሉሚዬር ነበር፤ አባቱ መሣሪያውን አልሸጥልህም ያለው ያ ሰው ልጅ መሆኑ ነው።

በ1932 ከባለቤቱና ከልጅ ልጁ ጋር ኦርሊ በሚገኘው የሲኒማ ሰዎች መጦሪያ ቤት ገባ። ሱቁን የመክፈት ጣጣ ቀረለት። በ1936 ኦንሪ ላንግሏና ዦርዥ ፍራንዡ የተባሉ ሁለት ወጣቶች አሮጌ ፊልሞችን ከጥፋት ለማዳን ተነሥተው በመጦሪያ ቤቱ ግቢ ያለ ባዶ ቤት ተከራዩ። ቁልፉንም ለሜሊዬስ ሰጡት። የራሱን ያቃጠለው ሰው የሌላውን ፊልም ጠባቂ ሆነ። ይህ መጋዘን የፈረንሳይ የፊልም ቤተ መዛግብት መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ሜሊዬስ በጃንዋሪ 21 ቀን 1938 በ76 ዓመቱ ሞቶ በፓሪስ ፔር ላሼዝ መቃብር ተቀበረ።

ምን ተረፈ?

ከ500 በላይ ከሆኑት ፊልሞቹ ዛሬ 200 ያህሉ ይገኛሉ። እነዚህ ከየት መጡ? ሜሊዬስ ለራሱ ካስቀመጠው አይደለም፤ ያ ተቃጥሏል። የተገኙት በየአገሩ ከሸጣቸው፣ የድንኳን ዘዋሪዎች ይዘዋቸው ከቀሩ፣ ወደ ኒው ዮርክ ከላካቸው፣ ሌላው ቀርቶ ያለ ፈቃድ ከተባዙት ቅጂዎች ነው። የጨረቃው ፊልም ባለ ቀለም ቅጂ ለብዙ ዘመን ጠፋ ተብሎ ነበር። በ1993 በስፔን ባርሴሎና እንደ ደረቅ ቂጣ ተጣብቆ ተገኘ፤ ዓመታት የፈጀ ጥገና ተደርጎለት በ2011 በካን የፊልም በዓል ላይ ታየ። በዚያው ዓመት የወጣው ሁጎ የተባለው የአሜሪካ ፊልም የአሻንጉሊት ሱቁን ዘመን ለዛሬ ልጆች አስተዋውቋል።

እኔ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ወስጃለሁ። አንደኛው ከካርቶን፣ ከሙጫና ከቀለም ምን ያህል ነገር ሊወጣ እንደሚችል ነው። የትምህርት መሣሪያ የለም እያልን ከማማረራችን በፊት በአካባቢያችን ያለውን እንይ። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ሜሊዬስ አጥብቆ የያዘው ተቃጠለ፤ ከእጁ የወጣው ተረፈ። መምህርም እንደዚሁ ይመስለኛል። ማስታወሻችን በሣጥን ውስጥ አይጥ ሊበላው፣ ዝናብ ሊያርሰው ይችላል። ለተማሪ የሰጠነው ግን ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ሩቅ አገር ተመልሶ እንደሚገኝ አናውቅም።

እጁን ሥራ ሳያስፈታ የኖረውን ሰው ታሪክ በዚሁ ላብቃ። የተለየ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝ ወይም አሠልጣኝ ካለ ጽፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍና እንወያይበት።